የሳቅ ማስረጃ፦ መንግሥቱ ለማና የአማርኛ ኮሜዲ ጉዞ

1. መነሻ

የአማርኛ ተውኔት ታሪክ ሲነገር ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ወደ ታሪካዊው ተውኔትና ወደ ትራጄዲው ያደላል። የነገሥታት ውድቀት፣ የአርበኞች ተጋድሎ፣ የሼክስፒር ትርጉሞች ሰፊ ሐተታ ሲጻፍባቸው ኮሜዲ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያስቅ ነገር ቀላል ነገር ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁንና የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ትራጄዲ ሳይሆን ኮሜዲ እንደነበረ፣ መጀመሪያ የታገደውም ይኸው ኮሜዲ እንደነበረ ስናስታውስ ይህ ግምት የተጣደፈ መሆኑ ይገባናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአማርኛ ኮሜዲ ድርሰት ውስጥ ዋና ቦታ የያዘውን የመንግሥቱ ለማን ጉዞ መከታተል፣ በተለይም በ1950ዎቹ የታዩትን ሁለት የጋብቻ ኮሜዲዎቹን ከዘመናቸው ልማድና ሕግ ጋር አገናዝቦ ማየት ነው። መከራከሪያው በአጭሩ ይህ ነው፦ የመንግሥቱ ሳቅ ያነጣጠረው በ«ኋላ ቀሩ» ባላገር ላይ ሳይሆን ባህልን እንደ መጫወቻ በሚቆጥረው የተማረ ሰው ላይ ነው፤ ይህን የሳቅ አቅጣጫ ያገኘው ከአውሮፓ መድረክ ብቻ ሳይሆን ከአባቶቹ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ይኸው ሳቅ በአንድ ቦታ ላይ ወሰን አለበት፤ ወሰኑም የተጠላፊዋ ሴት ድምፅ ነው።

2. ከመንግሥቱ በፊት፦ የታገደው ሳቅ

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኝነት ትምህርት ተምረው፣ አውሮፓንም አይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአዲስ አበባ «ቴአትር» የሚባለው ነገር አውሮፓ ካዩት ጋር የማይገናኝ ሆኖ አገኙት። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ለመድረክ ያበቁት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ከዚህ ቁጭት የተወለደ ነው። ተውኔቱ በእንስሳት ተረት ላይ የተመሠረተ ነበር። እንስሳት እየተነጋገሩ የሰውን፣ በተለይም የሹሙን ጠባይ ያሳያሉ። ይህ ስልት ለኢትዮጵያዊው ተመልካች እንግዳ አልነበረም፤ የተረቱ ቅርጽ በየምድጃው ዳር የሚታወቅ ነው። እንግዳ የሆነው ተረቱ ከምድጃው ተነሥቶ በባለ ሥልጣናት ፊት መቆሙ ነው። ሰሚዎቹም ሰምና ወርቁን ለመለየት አልተቸገሩም። ንግሥት ዘውዲቱ ሥራው እንዲታገድ አደረጉ፤ ተውኔት እንደገና መንፈስ የዘራው በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጋር ነው።

ከዚህ በኋላ በ1920ዎቹ የመድረኩ አደራ በአብዛኛው በቅኔ ቤት ያደጉ ሰዎች እጅ ወደቀ። ከእነዚህ መካከል ዮፍታሔ ንጉሤ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነጻነት በኋላ የመዝሙር፣ የፉከራና የተውኔት ማዕከል ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮሜዲ አልጠፋም። ከዘፈንና ከቁም ነገር ተውኔት መካከል የሚገቡ አጫጭር የሳቅ ጨዋታዎች ተመልካቹን ይዘው የሚያቆዩ ነበሩ። ተዋናዩ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይጫወታል፤ ሴቶች ወደ መድረክ ገና ባልመጡበት ዘመን ወንዱ የሴት ቀሚስ ለብሶ ይወጣል። ነገር ግን ይህ ኮሜዲ በተዋናዩ አካልና አንደበት ላይ የተመሠረተ ስለነበር በወረቀት ላይ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። የሳቅ ታሪክ አጥኚ የመጀመሪያው ችግር ይኸው ነው፤ ትራጄዲው ታትሞ ሲቀር ኮሜዲው ከተዋናዩ ጋር ይሄዳል። መንግሥቱ ለማን ልዩ የሚያደርገው ኮሜዲን አስቦበት የጻፈ፣ ያሳተመና እንዲነበብም የፈለገ ደራሲ መሆኑ ነው።

3. የአባቶች ጨዋታ እንደ ትምህርት ቤት

መንግሥቱ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። አለቃ ለማ የቅኔ ሊቅ ነበሩ፤ ልጁ ከአንደበታቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» የአንድ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሙሉ ትውልድ የአነጋገር መዝገብ ነው። ከዚህም በፊት መንግሥቱ «የአባቶች ጨዋታ» በሚል ርእስ የቀደምት ሰዎችን ወግና ቀልድ ሰብስቦ አሳትሟል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ከተውኔቶቹ ተለይተው ስለሚታዩ፣ በእኔ አስተያየት የኮሜዲው ቁልፍ ሳይታይ ይቀራል።

በካህናቱ ዘንድ «ጨዋታ» ሥራ ፈትነት አይደለም። ከጎንደር እስከ ጎጃም በተዘረጋው የቅኔ ጉባኤ ተማሪው ቀን ቅኔ ቆጥሮ፣ ማታ በጎጆው ውስጥ በቃላት ይዋጋል። ኅብረ ቃል ፈልጎ ባልንጀራውን ይወጋል፤ ይወጋበታልም። በአማራው አገር በቀልዱ ስሙ የገነነው የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና በጎንደር ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ የ«ተክሌ» ዝማሜም ከእርሳቸውና ከልጃቸው ስም ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡ ሊቅነታቸውንና ቀልዳቸውን አልለያየም፤ ቀልዱን የሊቅነቱ ፍሬ አድርጎ ወሰደው። ስለ አለቃ የሚነገረውን ቀልድ ልብ ብለን ካየነው ደግሞ አንድ ሕግ እናገኛለን። አለቃ ሹሙንም፣ ባለጠጋውንም፣ ሚስታቸውንም ይነካሉ፤ በመጨረሻ ግን ራሳቸውም በቃላቸው ይያዛሉ። የሚያስቀው ሰው ከሚሳቅባቸው ሰዎች ውጭ አይቆምም።

መንግሥቱ ይህን ሕግ ይዞ ነው ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገባው። በቤተ ክህነት ትምህርት ጀምሮ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ለንደን ሄደ። በእንግሊዝ አገር የበርናርድ ሾውን የሐሳብ ኮሜዲ ተዋወቀ። በሾው ተውኔት ሳቁ የሚመነጨው ከመውደቅ መነሣት ሳይሆን ሰዎች የያዙት ሐሳብ ከኑሯቸው ጋር ሲጋጭ ነው። በኋላም በኒው ዴልሂ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በዲፕሎማትነት አገልግሏል። ከሾው የወሰደው ኅብረተሰባዊ ችግርን በክርክር የመፈተን ስልት ነው፤ ከአለቃ ለማ ጉባኤ የወሰደው ደግሞ ተከራካሪው በገዛ ቃሉ የሚያዝበትን መንገድ ነው። የሁለቱ መገናኛ የ1950ዎቹ የጋብቻ ኮሜዲዎች ሆኑ።

4. ሁለቱ የጋብቻ ኮሜዲዎች

«ጠልፎ በኪሴ» በ1961 ዓ.ም. በመጽሐፍ የታተመ ሲሆን፣ ቀደም ብሎ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ወጥቷል። ጭብጡ ቀላል ይመስላል፦ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ የከተማ ወጣቶች ከመካከላቸው አንዱ በጥንቱ ልማድ ሴት ጠልፎ እንዲያገባ ያስባሉ። ባላገር አይደሉም፤ የባላገሩን ልማድ እንደ ካባ ሊደርቡት የሚፈልጉ ናቸው። ሳቁ የሚፈነዳው ከዚህ ነው። ስለ ሥልጣኔ የሚያወራው አንደበት የሚፈጽመው ሥራ ሌላ ነው፤ ስለ ባህል የሚመጻደቀው ልብ ባህሉን አያውቀውም።

የርእሱን ሰዋስው ልብ እንበል። «ጠልፎ» የሚለው ግስ የሦስተኛ መደብ ነው፤ «በኪሴ» ደግሞ የአንደኛ መደብ። ጠላፊው «እሱ» ነው፤ ኪሱ ግን «የእኔ» ነው። በሁለት ቃላት መካከል አድራጊውና ተጠቃሚው ተለያይተዋል። ጠለፋ በልማድ የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን የሚዜዎችና የጓደኞች የጋራ ሥራ ስለሆነ፣ ኃላፊነቱ በብዙዎች መካከል ተከፋፍሎ ይጠፋል። ኪስ ደግሞ ገንዘብና ዕቃ የሚቀመጥበት ነው፤ ሴቲቱ በርእሱ ውስጥ እንደ ዕቃ እንጂ እንደ ሰው አልተጠራችም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ የቅኔ ቤት ልጅ ርእስ ሲመርጥ መደብ አያምታታም።

በ1957 ዓ.ም. የታተመው «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ ክርክሩን ወደ መደብ ልዩነት ይወስደዋል። ከባለ ወግ ቤተ ሰብ የተወለደው፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣው ባሕሩ የሹመትን መንገድ ትቶ በገጠር ልጆች ሊያስተምር ይሄዳል፤ ልቡም ከቤት ሠራተኛው ላይ ያርፋል። ተውኔቱ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በ1970 እ.ኤ.አ. በለንደን በማክሚላን ታትሟል። ርእሱ የሚያስታውሰን «ያላቻ ጋብቻ ቆይ ብቻ ቆይ ብቻ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ነው። ተረቱ ማስፈራሪያ ነው፤ አቻህን ሳትይዝ ብታገባ የሚመጣውን ታያለህ ይላል። መንግሥቱ ይህን ማስፈራሪያ ወስዶ በመድረክ ላይ ይመረምረዋል። አቻነት ምንድን ነው? የዘር ነው፣ የሀብት ነው፣ የትምህርት ነው ወይስ የጠባይ? ባሕሩም ከፈተናው አያመልጥም፤ የእኩልነት ሐሳብ ያለው ሰው ሌላውን ከፍ ላደርግህ ሲል ምን ያህል ከላይ ሆኖ እንደሚናገር ተመልካቹ ያያል።

የ«አቻ»ን ክብደት ለመረዳት ከአዲስ አበባ ሳሎኖች ወጥተን በሰሜን ያለውን የጋብቻ ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የሰሜን ገጠር ሁሉ፣ ጋብቻ የሁለት ቤተ ሰቦች ውል ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሙሽሮቹ ልጆች ሳሉ ወላጆች ከሁለቱም ወገን የሚሰጠውን ከብት አመዛዝነው ይስማማሉ። አቻነት ስሜት ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ነበር፤ በሬ ከበሬ፣ ላም ከላም። ስለዚህ «ያላቻ» ማለት ለባላገሩ የተበላሸ ሒሳብ ማለት ነው። ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣ ተማሪ ተውኔቱን ሲያነብ የሚያየው የባሕሩን የፍቅር ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ሲፈርስ ማን እንደሚጎዳም ያያል። ባሕሩ ትምህርትን ይዞለት የሄደው ገጠር ዛሬ ራሱ አንባቢና ሐያሲ አፍርቷል፤ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ሆናለች። የእነዚህ አንባቢዎች ንባብ ከ1950ዎቹ የከተማ ተመልካች ሳቅ የተለየ ቢሆን አያስገርምም።

5. ሳቁና ሕጉ

የኮሜዲ ቅርጽ ከጥንት ጀምሮ ወደ ጋብቻ ያዘነብላል። ግራ መጋባቱ ይፈታል፣ ጠበኞቹ ይታረቃሉ፣ ሠርግ ይደገሳል። ይህ ቅርጽ ጠለፋን ርእሰ ጉዳዩ ሲያደርግ አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ችግሩ የመንግሥቱ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ሕግ ጭምር ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎ ደነገገ። ይሁን እንጂ ተጠላፊዋ ከጠላፊው ጋር በፈቃዷ የጸና ጋብቻ ከፈጸመች፣ ጋብቻው ካልፈረሰ በቀር ክስ እንደማይቀርብ በዚያው አንቀጽ አስቀመጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንዱን 18 ዓመት አደረገ። እንግዲህ ሕጉ ራሱ በኮሜዲ ቅርጽ የተጻፈ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም፦ ወንጀሉ የሚደመሰሰው በሠርግ ነው። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ «ከተጠለፈች በኋላ ማን ያገባታል?» ተብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ሕጉ አልጠየቀም።

«ጠልፎ በኪሴ» በዚህ ሕግ ዘመን የተጻፈ ተውኔት ነው። ጠላፊዎቹን በሳቅ ገፎ ማቆሙ ታላቅ ድፍረቱ ነው፤ ጀግንነት ተብሎ ይፎከርበት የነበረውን ሥራ የፈሪዎችና የግራ የተጋቡ ሰዎች ሥራ አድርጎ አሳይቶታል። ከመድረክ ስብከት ይልቅ ይህ የበለጠ ያሳፍራል፤ ሰው ኃጢአተኛ ከመባል ይልቅ መሣቂያ መባልን ይፈራልና። ነገር ግን ኮሜዲው ጠላፊውን ለመቅጣት የተጠቀመበት መሣሪያ፣ ማለትም ሳቅ፣ ለተጠላፊዋ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ፍርሃቷ ከሴራው ውስብስብነት አንዱ ክር ይሆናል፤ ተመልካቹም የጠላፊዎቹን ድንግርግር እያየ ሲስቅ እርስዋን ለመስማት ጊዜ አያገኝም። ይህን ስንል ደራሲውን በዛሬ ሚዛን ለመክሰስ አይደለም። ሕግ አውጪው ያላየውን ግማሹን እርሱ አይቷል፤ ግማሹ ግን የኮሜዲው ቅርጽ በራሱ የሚሸፍነው ነበር።

ሁለተኛው ግማሽ እስኪነገር ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የሁለቱንም ጾታ የጋብቻ ዕድሜ 18 አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ደነገገ። በኪነ ጥበቡ በኩል በ2006 ዓ.ም. ለዓለም አቀፍ ተመልካች የቀረበው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ፊልም፣ ጠላፊዋን የገደለች ልጅ ፍርድ ቤት የቆመችበትን እውነተኛ ታሪክ መሠረት አድርጎ ጉዳዩን ከተጠላፊዋ ወገን አሳየ። በዚህ ፊልም ሳቅ የለም። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ በግማሽ ምእተ ዓመት ውስጥ የአንድ ልማድ ትርጉም እንዴት እንደተለወጠ ያያል፦ መጀመሪያ ጠላፊው መሣቂያ ሆነ፣ ቀጥሎ ሠርጉ ወንጀሉን መሸፈኑ ቀረ፣ በመጨረሻም ልጅቷ ተናገረች። የመጀመሪያው እርምጃ የኮሜዲው ነው።

6. ኋለኛው ጉዞና ቃለ ተውኔቱ

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ መንግሥቱ «ባለ ካባና ባለ ዳባ»ን አቀረበ። በርእሱ የተፋጠጡት ሁለት ልብሶች ሁለት መደቦች ናቸው፤ የጋብቻ ኮሜዲዎቹ በሳሎን ውስጥ የያዙት የአቻነት ጥያቄ እዚህ ወደ አደባባይ ወጥቷል። ከዚያም «ፀረ ኮሎኒያሊስት»ና «ሹሚያ» ተከተሉ። ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተውኔትን አስተምሯል። በ1980 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሲያርፍ ከወግ ሰብሳቢነት እስከ ተውኔት መምህርነት የሚዘረጋ ሥራ ትቶ ነው። ስለ ራሱ የጻፈው «ደማሙ ብዕረኛ» የታተመው ካረፈ በኋላ ነው።

ከትርጉም ሥራዎቹ መካከል የአንቶን ቼኾቭን «ድብ» «ዳንዴው ጨቡዴ» ብሎ መመለሱ የኮሜዲ ስልቱን ጠቅለል አድርጎ ያሳያል። በሩሲያኛው ርእስ ሰውየው በአውሬ ይመሰላል፤ በአማርኛ ግን «ድብ» ለተመልካቹ ምንም አይነግረውም። መንግሥቱ እንስሳውን ትቶ ጠባዩን ተረጎመ፤ የሚደነፋ፣ የሚፎክር፣ ኋላ ግን በአንዲት ባል የሞተባት ሴት ፊት የሚቀልጥ ጉልበተኛ ስም ሰጠው። ስሙ በጆሮ ብቻ ያስቃል፤ ተዋናዩም ከመናገሩ በፊት እንዴት እንደሚራመድ ያውቃል። የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን ተውኔት «ጠያቂ» ብሎ ሲመልስም እንደዚሁ በአንድ ቃል መርማሪውንም ሕሊናንም አንድ ላይ ይዟል።

ይህ ነጥብ ወደ ተዋናዩ ይመልሰናል። ከመንግሥቱ በፊት የነበሩት ብዙ የመድረክ ሥራዎች በቤት መምቻ ግጥም የተጻፉ ስለነበሩ ተዋናዩ ያነበንባቸው ነበር። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ቃለ ተውኔት ደግሞ በክብደቱና በዜማው ተዋናዩን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጸጋዬ ራሱም የሞሊየርን ኮሜዲ «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ መልሶ ቀላሉን ቋንቋ ሞክሯል። የመንግሥቱ ቃለ ተውኔት ግን በየቤቱ የሚነገረውን አማርኛ ይዞ፣ በዚያው ውስጥ የቅኔ ቤቱን መውጊያ ይደብቃል። ተዋናዩ ቃሉን በቁም ነገር መናገር አለበት፤ ሊያስቅ ከሞከረ ወርቁ ይጠፋል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በቴሌቪዥንና በካሴት የገነኑት ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው የሚጫወቱ ኮሜዲያን፣ እነ ተስፋዬ ካሳ፣ አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ያስደሰቱን በዚሁ መንገድ ነበር፤ ባላገሩን፣ ሰካራሙን፣ ምሁሩን ሲያስመስሉ ገጸ ባሕርዩ ራሱን ከልቡ አክብሮ ይናገራል፣ እኛ ግን እንስቃለን። የእነርሱ ጽሑፍ አብዛኛው በመጽሐፍ አልወጣም። ማግኔቱ የደከመ ካሴት ብቻ ነው ምስክሩ።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሐተታ የሚያሳየው የአማርኛ ኮሜዲ ከቁም ነገር የሸሸ ቅርጽ አለመሆኑን ነው። «ፋቡላ» ሹሙን በአውሬ ልብስ አሳይቶ ታገደ፤ «ጠልፎ በኪሴ» ጀግንነት የተባለውን መሣቂያ አደረገ፤ «ያላቻ ጋብቻ» ተረትና ምሳሌን ፍርድ ቤት አቆመ። የመንግሥቱ ለማ ሥራ ከአባቶች ጨዋታ የወረሰውን ሕግ እስከ መጨረሻው ጠብቋል፤ የሚስቀው ሰው ከሳቁ ውጭ አልቆመም። የተማረው ደራሲ በተማሩ ሰዎች ላይ ሳቀ። የቅርጹም ወሰን ከዚያው ይነሣል፤ ሳቁ የወንዶች የእርስ በርስ ክርክር ሆኖ ስለቀረ ሴቲቱን ለመስማት ሌላ ቅርጽና ሌላ ዘመን አስፈለገ።

ለተማሪዎቻችን የሚቀረው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው የታተሙትን ኮሜዲዎች ከዘመናቸው ሕግና የጋብቻ ልማድ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ነው፤ ኮሜዲ አንድ ኅብረተሰብ በምን እንደሚያፍር የሚናገር ሰነድ ነውና። ሁለተኛው ያልታተሙትን፣ በየተዋናዩ ቤት፣ በየቴአትር ቤቱ መዝገብና በየካሴቱ የተበተኑትን ጽሑፎች ሳይጠፉ መሰብሰብ ነው። አለቃ ለማን የሚሰማ ልጅ ባይኖራቸው ኖሮ ትዝታቸው ከእርሳቸው ጋር በተቀበረ ነበር። ልጁ ብዕር ይዞ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጽሑፉ ዛሬ በእጃችን ያለው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።